ጃርቷና የብሎን ጣሳዋ

ተረት ልንገራችሁ፣ ጆሯችሁን አውሱኝ። አንዲት ጃርት ጋሪዋን የምትጠግነው ራሷ ነበረችና ያገኘችውን ብሎን ሁሉ በጣሳ ታስቀምጥ ነበር። ጽዳት ወዳዷ ጎረቤቷ ጦጣ ግን «ዝገት ነው» ብላ፣ ጃርት በሌለችበት ጣሳውን ወንዝ ውስጥ ደፋችው። ጃርት ይህን ስትሰማ በንዴት እሾኋ ሁሉ ቆመ፤ ከዚያ ወዲያ አላናገረቻትም።

ክረምት ገብቶ ጎርፍ ሲመጣ፣ ጃርት የጦጣን ልጆች በጋሪዋ ጭና ሸሸች። ዳገቱ ላይ የጎማው ብሎን ተሰበረ፤ መተኪያ አልነበረም። ጃርት ጥርሷን ነክሳ ከጀርባዋ እሾህ ነቀለችና በብሎኑ ቦታ ሰካችው። እሱም ሲሰበር ሌላ ነቀለች።

ጦጣ ከኋላ እየገፋች «እግዜር ይስጥልኝ» አለቻት።

«ለልጆችሽ ነው» አለች ጃርት፤ «ላንቺማ አንዲትም አልነቅልም።»

ከጎርፉ ሲያመልጡ የጃርት ጀርባ ደም በደም ሆኖ ነበር። ጦጣም ልጆቿን ስታወርድ ቀና ብላ ልታያት አልቻለችም።