አንጓች፣ ፍልጡና የዝናብ ተንኮል

ተረቴ መጣ፣ ጆሯችሁን ክፈቱለት።

ድሮ፣ እንጨትም ዝናብም አፍ አውጥተው በሚናገሩበት ዘመን፣ በአንድ ብርዳም ደጋ አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ልጇ ስመኝ ነሐሴ ላይ ልትወልድ ነው። በነሐሴ ብርድ ደግሞ አራስና ሕፃን ያለ እሳት አይሆንላቸውም። አንጓች በበጋ የፈለጠችውን እንጨት፣ ጎጆዋ ጠባብ ስለሆነች፣ ደጅ ከመረችው።

ዝናብ ክምሩን አየና ሳቀ። «ይህን ፍልጥ አበሰብሰዋለሁ፤ አንድ ብልጭታ አይወጣውም!» አለ።

መጀመሪያ ከላይ ወረደ።

ፍልጡ «አንጓች፣ አንጓች፣ ራሴ ራሰ!» ብሎ ጮኸ።

አንጓች ሣር አጨደች፤ ውሃው እንዲንሸራተት አዘቅዝቃ ከደነችው።

ዝናብ በመሬት ሾልኮ ከታች መጣ።

«አንጓች፣ አንጓች፣ እግሬ ራሰ!»

«ለእግርህማ ጫማ አለኝ» አለችና ከሥሩ ድንጋይ ደረደረችለት።

ድንጋዩም «ተቀመጥብኝ፣ እኔ ጭቃ አልፈራም» አለው።

ዝናብ ተናደደ። አይጥን ጠርቶ «ክምሩን ዙሪያውን አስደፍኚልኝ፤ አንቺም ሙቅ ቤት ታገኛለሽ» አላት።

አይጥ ወደ አንጓች ሮጠች። «እመቤቴ፣ ጎኑ እኮ ባዶ ነው! ንፋስ ዝናቡን ተሸክሞ ይገባል። በጭድና በእበት ድፈኚው!»

አንጓች አመነቻት፤ ዙሪያውን ለቀለቀችው። ንፋስ መጥቶ «ክፈቺልኝ!» ቢላት፣ «ሂድ፣ የዝናብ ጋሻ ጃግሬ!» ብላ መለሰችው።

ሰነባበተና ከውስጥ የታፈነ ድምፅ ተሰማ። «አንጓች… ላብ አሰመጠኝ… ሻገትኩ!»

እጇን ብትሰድ ፍልጡ ወዝቶ፣ ነጭ ሻጋታ ለብሷል። አይጥ በፍልጡ መሀል ልጆቿን ታቅፋ ተኝታለች። የስመኝ መውለጃ ደርሷል። የአንጓች ልብ ደነገጠ፤ እጇ ግን አልደነገጠም። ልስኑን በመጥረቢያ ናደችው፤ አይጥን ከነልጆቿ አባረረች፤ ክዳኑንና ድንጋዩን ብቻ ተወች። ከዚያ ቀና ብላ ተጣራች፦

«ንፋስ ሆይ፣ በድዬሃለሁ። ግባ!»

«እኔ ማለፊያ እንጂ ማደሪያ አልፈልግም» አለ ንፋስ። እያፏጨ በፍልጡ መሀል ገባ። ሲያልፍ ሲመለስ፣ ሲያልፍ ሲመለስ፣ እርጥበቱን ልሶ ጨረሰው።

ስመኝ ወለደች። ውጭ ዝናብ ይደበድባል፤ ውስጥ ፍልጡ ቋ! ቋ! እያለ ይነዳል። ሴት ልጅ ናትና ሦስት ጊዜ እልል ተባለ። ዝናብም ከጎጆዋ የሚወጣውን ጢስ አየና «ይችንስ አልቻልኳት» ብሎ ወደ ሌላ ተራራ ሄደ።

ተረቴን አወረድኩ፤ እናንተ ይህን ያዙ፦ ጠላት ፈርቶ ወዳጁን የዘጋ፣ ከነቤቱ ይሻግታል።