የእትዬ ይርገዱ ሰኞዎች

በአንድ ወቅት፣ በአንድ የፈትል ፋብሪካ ጥጥ ማበጠሪያ ክፍል ውስጥ እሑድን የሚፈሩ ሴት ነበሩ። እትዬ ይርገዱ ይባላሉ። ሃያ ዓመት ከጥጥ ብናኝ ጋር ኖረዋል። ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ ደረታቸው እንደምንም ይችለዋል፤ እሑድ አርፈው ሰኞ ሲመለሱ ግን ትንፋሽ ያጥራቸዋል። የክፍሉ ሠራተኞች ሁሉ እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ ጥፋተኛው ታወቀ፤ ዕረፍት ነው። «ዕረፍት ለለመደው ነው» እያሉ፣ እሑድም ለመግባት ያመለክታሉ። ፎርማኑ ይህን ማመልከቻ ውድቅ አድርጎ አያውቅም።

ወደዚህ ክፍል ሦስት ተማሪዎች መጡ። በሥራ ላይ ደኅንነትና ጤና ሁለተኛ ዲግሪ የሚማሩ ናቸው፤ ለመመረቂያ ጥናታቸው የሠራተኛውን ትንፋሽ በቱቦ ይለካሉ። ዘርይሁን ቁጥር አይስትም። ሰሚራ መዋሸት አትችልም። ገመቹ ሰው ሲቸገር ቆሞ ማየት አይሆንለትም። ሦስቱም ጠባዮች መልካም ናቸው፤ ነገሩን ያከፋውም ይኸው ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ምክንያቱ ገባቸው። የሚያሳምመው ብናኙ ነው፤ አንድ ቀን ያረፈ ደረት ሰኞ ዕለት ብናኙን እንደ አዲስ ይቆጣዋል። እሑድ የሚገቡት ሕመሙ አይሰማቸውም እንጂ ሳንባቸው ቶሎ ያልቃል።

«ዝም እንበል» አለ ዘርይሁን። «ከነገርናቸው እሑድ መግባት ያቆማሉ፤ ልኬቱ ይበላሻል። ያለ ልኬት ደግሞ ፋብሪካው ብናኙን ከአየሩ የሚስብ መሣሪያ አይተክልም። ሦስት ወር ብቻ።»

«እትዬ ይርገዱስ?» አለችው ሰሚራ።

«ከሦስት መቶው ሠራተኛ አንዷ ናቸው።»

ሦስቱም ለማንም ሳይናገሩ ልኬቱን ቀጠሉ። እትዬ ይርገዱ ሰባት እሑድ ገቡ። ቱቦውን በነፉ ቁጥር «የኔ ልጅ፣ ዛሬስ አለፍኩ?» ይሉታል። ዘርይሁንም «ጥሩ ነው፣ እትዬ» እያለ ይጽፋል።

በዐሥረኛው ሳምንት ሰሚራ ነገረቻቸው። «እሑድ አይደለም የሚያምዎት፤ ጥጡ ነው።»

እትዬ ይርገዱ ቀና ብለው ጠየቋት። «መቼ አወቃችሁ?»

ይህንንም ነገረቻቸው።

«እኔ ደግሞ ይኸን ሁሉ ሳምንት ስነፋላችሁ» አሉ።

ሰሚራ በዚህ አልቆመችም። ስማቸውን ይዛ ፋብሪካው ክሊኒክ ሄደች፤ ብናኝ ወደሌለበት ክፍል እንዲዛወሩ ጠየቀች። አስተዳደሩ ሳይውል ሳያድር ወደ ቤታቸው አዛወራቸው፤ በጤና ምክንያት። በማግስቱ ቱቦውን የሚነፋ ሰው ጠፋ። «ነፍቶ ከመባረር ታፍኖ መክረም» አለ አንዱ። ሌሎቹ ሳቁ፤ ሳቁም በሳል አለቀ።

ጥናቱ ሊቋረጥ ሆነ። ይኼኔ ገመቹ ትምህርቱን ትቶ በእትዬ ይርገዱ ማሽን ላይ ተቀጠረ። በየሰኞው በሠራተኛው ፊት መጀመሪያ እሱ ይነፋል፤ የገዛ ቁጥሩ ሲወርድ ጮክ ብሎ ያነባል። «አሁን እኛን መሰልክ» አሉትና አንድ በአንድ ተመለሱ። በዚሁ መካከል የሠራተኛ ማኅበሩ እትዬ ይርገዱ ወደ ሥራቸው ይመለሱ ብሎ ተከራከረ። አስተዳደሩ «በቦታቸው ሰው ገብቷል» አለ። ገመቹ መልቀቅ ይችል ነበር። ግን ልኬቱ ሊያልቅ ሦስት ሰኞ ቀርቶታል፤ ሦስት መቶ ሰው ይጠብቃል። አልለቀቀም። ሦስቱ ሰኞ ሲያልፍ የእትዬ ይርገዱ ጉዳይ ተዘግቶ ነበር።

ብናኝ መሳቢያው በሁለተኛው ዓመት ተተከለ። ዘርይሁን በማዕረግ ተመረቀ። ሰሚራ የጥናት ምስጢር አውጥተሻል ተብላ ከትምህርቷ ታገደች። ገመቹ ዛሬም ሰኞ ሰኞ ያስለዋል። እትዬ ይርገዱ ግን መሳቢያውን ሳያዩ አልጋ ላይ ዋሉ።

ሦስቱ ሊጠይቋቸው በሄዱ ዕለት እትዬ ይርገዱ ልጃቸውን ዝናሽን ጠሩ።

«በቀብሬ ላይ የሕይወት ታሪኬን ከእነዚህ አንዱ ያንብበው። ሃያ ዓመት የት እንደዋልኩ ያውቃሉ።»

«የትኛው፣ እማ?»

«ያልበደለኝ።»

ስም ሳይጠሩ በሦስተኛው ቀን አረፉ።

በቀብሩ ላይ ዝናሽ ወረቀቱን ይዛ ቆመች። ሦስቱም አንገታቸውን ደፍተው ከፊቷ ቆመዋል፤ እጁን የዘረጋ የለም። ሕዝቡ ይጠብቃል፤ ካህኑም ቸኩለዋል። ለመሆኑ እናንተ ዝናሽን ብትሆኑ፣ ወረቀቱን ለማን ትሰጡ ነበር?