ሣሩ ጋ ሲደረስ ይዞራል

ተረት ልዝራ፤ ጆሯችሁን አለስልሱ።

በሬ ከቀንበር፣ ቀንበር ከጅራፍ በሚነጋገሩበት ዘመን ስንሻው የሚባል ገበሬ ነበር። ሁለት በሬዎች ነበሩት። አንዱ ቦራ ይባላል፤ ግንባሩ ነጭ፣ ዕድሜው የገፋ ነው። ሌላው ዳልቻ ይባላል፤ መልኩ ዐመድማ፣ ለቀንበር ገና አዲስ ነው።

የስንሻው ማሳ ጎርፍ ከቆፈረው ቦረቦር አፋፍ ላይ ነበር። በአፋፉ ዳር ዳር ሳይታረስ የሚቀር ሣር አለ። በሬዎቹ ትልም ይዘው ይሄዳሉ፤ ሣሩ ጋ ሲደርሱ ይዞራሉ። ይሄዳሉ፤ ሣሩ ጋ ሲደርሱ ይዞራሉ። የዚያ ማሳ ሥርዓት ይህ ነበር።

ጊዜው የሰኔ መግቢያ ነው። ድርቆሹ አልቋል፣ ግጦሹ ተልጧል። ያ ሣር ብቻ ለምልሟል። የዳልቻ ሆድ ከጀርባው ተጣብቋል። በዞሩ ቁጥር ሣሩ አፍንጫው ድረስ ይመጣና ይሸሻል። አንድ ቀን ታዲያ ጠየቀ።

«ለምን?» አለ።

የሰማው ጅራፍ ነበር። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ የሚጮኽ ነውና የሌላውን ነገር አጣርቶ አይሰማም። ልመና መሰለው። እዚህ ቤት ለማኝ አይታወቅም ብሎ ጀርባውን አቀመሰው። ዳልቻ ምግብ እንዳልለመነ፣ ሣሩ ጋ የሚዞሩበትን ምክንያት እንደጠየቀ አስረዳ።

«ያው ነው» አለ ጅራፍ። «ለምኖ የበላ አለ፤ ለምን ብሎ የበላ የለም።»

ዳልቻ ትልሙን ይዞ ቀጠለ። በማግስቱ ቀንበርን ጠየቀ። ቀንበር ወይራ ነው፤ በአንገት ላይ ተጋድሞ ያረጀ። አባትህም ዞሯል፣ አያትህም ዞሯል፣ ሁለቱንም ተሸክሜ ያኖርኳቸው እኔ ነኝ አለው። ዳልቻ፣ ተሸካሚዎቹስ እነሱ ነበሩ ብሎ አረመው። ቦራ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ቀንበርም ተቆጣና ሥርዓት አይጠየቅም ብሎ ነገሩን ዘጋው።

በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ ዳልቻ የተላጠውን ግጦሽ ሲልስ፣ ከቦረቦሩ ማዶ አያ ጅቦ ተጣራ። ለምን ሲል እንደሰማው፣ እንዲህ ያለ በሬም አይቶ እንደማያውቅ ነገረው።

«አንተ እኮ ፈላስፋ ነህ» አለው።

ዳልቻ ቃሉን ሰምቶት አያውቅም። ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀ።

«ፈላስፋ ማለት አባቶቹ ያሉትን የማይሰማ ነው። ሥርዓት የሚሉህ ሁሉ ፍርሃት ነው። ነገ ሣሩ ጋ ስትደርስ አትዙር፤ ዝም ብለህ እለፍ፣ ብላ። ቦራንም ይዘኸው ግባ፤ ሽማግሌው ይማር።»

«አያ ጅቦ፣ በሬ ጠግቦ ቢያድር አንተን ምን ይጠቅምሃል?»

«እኔማ ለዕውቀት ብዬ ነው» አለ ጅቦ። ይህን ሲል ለሀጩ በደረቱ ወረደ።

ዳልቻ ሌሊቱን አመነዠከ። ጅራፍ አትጠይቅ አለው። ቀንበር አትጠይቅ አለው። ጅቦ ደግሞ መጠየቁን አደነቀ እንጂ መልሱን እስክታገኝ ቆይ አላለውም። ሦስቱም አንድ ሆኑበት። ሲነጋ ማረሻን ጠየቀ።

ማረሻ ብረት ነው፤ ጭንቅላቱ ሁልጊዜ አፈር ውስጥ ነው፤ ብዙ አያወራም።

«አላውቅም» አለ።

ዳልቻ ጆሮውን አቆመ። አላውቅም የሚል እስከዚያ ቀን አልገጠመውም ነበር።

«ምክንያቱን አላውቅም» አለ ማረሻ። «የማውቀው ድምፁን ነው። ወደ ሣሩ ስንጠጋ መሬቱ እንደ ባዶ ጋን ያስተጋባል። አምና የሚያስተጋባው ሣሩ ጋ ብቻ ነበር። ዘንድሮ ቀደም ብሎ ይጀምራል።»

ቀትር ላይ ስንሻው በሬዎቹን ፈትቶ ጥላ ሥር ጋደም ሲል፣ ዳልቻ ዳገቱን ዞሮ ወደ ቦረቦሩ ወረደ። ከታች ሆኖ ወደ ላይ አየ። ጎርፉ መሬቱን ከሥር በልቶታል። ያ ለምለም ሣር ጣሪያ ሆኖ ተንጠልጥሏል፤ ከሥሩ ዋሻ ነው። በዋሻው ውስጥ የከብት አጥንት ተበትኗል፤ አያ ጅቦም አጥንቱን ተንተርሶ ያንኮራፋል። በዋሻው መጨረሻ ከጣሪያው ላይ የዛፍ ሥር ተንጠልጥሎ አየ። አሸተተው። የብሳና ሥር ነው።

ዳልቻ በማሳው ላይ አንዲት ብሳና ብቻ ያውቃል። እሷም ያለችው ሣሩ ጋ አይደለም፤ ወደ ማሳው ገባ ብላ፣ በየቀኑ አልፈዋት ከሚያርሱት ላይ ነው። እንግዲህ ዋሻው ሣሩን አልፎ ከትልሙ ሥር ገብቷል። አባቶች የሚያውቁት ነገር ነበር፤ ለልጆቻቸው የተዉት ግን መዞሩን ብቻ ነው። ቦረቦሩ ደግሞ ሥርዓት አያውቅም፤ በየክረምቱ ይበላል።

ማታ በበረት ውስጥ ለቦራ ነገረው። ቦራ አላመነም። ሣሩን ከአንተ በፊት አውቀዋለሁ፣ ሣሩ ጋ እንዞራለን፣ አሁን ተኛ አለው። ሌሊቱን ሙሉ ዝናብ ወረደ።

ሲነጋ ተጠመዱ። ማሳው ጨቅይቷል። ብሳናዋ ጋ ሲደርሱ ዳልቻ ጉልበቱን አጥፎ ተኛ። ቦራ ሊስብ ቢሞክር ቀንበሩ ዘመመ።

ጅራፍ አንድ ጊዜ ወረደ፤ ሰነፍ አለው። ዳልቻ አልተነሣም። ጅራፍ ሁለተኛ ወረደ፤ ቀንበርም የአባቶችህ አጥንት ይውቀስህ ብሎ ረገመው። አልተነሣም። ሦስተኛ ሲወርድ ጅራፉ ቦራንም ደረሰው። ቦራ ባረሰበት ዘመን ሁሉ አንድም ቀን ያላለውን ቃል አለ።

«ለምን? ለምን ታስመታኛለህ?»

«የዚህችን ብሳና ሥር አይቼዋለሁ» አለ ዳልቻ። «ያየሁት ግን ከታች ሆኜ ነው። ተንጠልጥሏል፤ የያዘው መሬት የለም።»

ቦራ ብሳናዋን አየ። ሣሩን አየ። መልሶ ብሳናዋን አየ። እሱም ጉልበቱን አጥፎ ተኛ።

ስንሻው ሁለት በሬ አንድ ላይ ሲተኛበት እርፉን ለቀቀ። እየተራገመ ሊያስነሣቸው ወደ ፊታቸው ዞረና ዱላውን መሬት ላይ ተከለ። ዱላው እስከ እጁ ድረስ ገባ። ስንሻው ዱላውን አልነቀለም። ቀስ እያለ፣ ቀንበሩን በሁለት እጁ እየገፋ በሬዎቹን አስነሥቶ መለሳቸው። ጥቂት ፈቀቅ እንዳሉ ብሳናዋ አጋደለች። ከዚያ ሣሩም ትልሙም ብሳናዋም አንድ ላይ ወረዱ።

አያ ጅቦ ከሥር ሆኖ አፉን ከፍቶ ይጠብቅ ነበር። በሬ የጠበቀው አፍ አፈር ጎረሰ። እያነከሰ ወጣና ወደ ማዶ ሸሸ፤ ስለ ዕውቀትም ዳግመኛ አላወራም።

ዳልቻ ፈላስፋ ነኝ ብሎ ከእርሻ አልቀረም። በዚያው ቀን ከሰዓት የቀረውን ማሳ አረሱ። ቦራ ትልሙ መሐል ላይ ጠየቀው።

«እንግዲህ የት ነው የምንዞረው?»

«ዱላው የገባበት ሳንደርስ።»

«እስከ መቼ?»

«ለዘንድሮ። ለከርሞ ወርደን እናያለን።»

ፍልስፍና የሚሉት ይኸው ነው። ከመርገጥ በፊት ይጠይቃሉ፤ ከጠየቁ በኋላ ወርደው ያዩታል፤ ካዩ በኋላ ተመልሰው ያርሳሉ። ምክንያቱ የጠፋ ሥርዓት ከሥሩ የተበላ መሬት ነው፤ የረገጠውም ይወድቃል፣ ሳያይ የናቀውም ይወድቃል።