የአሮጊቷ ውሻ የውኃ ጣሳ

አንድ የቧንቧ ሠራተኛ ነበር። የሚኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ስሙን አልነግራችሁም፤ እሱ ዘንድ ቧንቧ ያስጠገነ ከእናንተ መካከል ስለማይጠፋ ነው።

ይህ ሰው ውሻ ነበረችው።

አያችሁ፣ ከአሁኑ ፊታችሁን ቋጠር ያደረጋችሁ አላችሁ። «ዛሬ ደግሞ ዐውደ ምሕረቱ ላይ ውሻ አመጣብን» ትላላችሁ በልባችሁ። አይዟችሁ። ውሻዋ ግቢዋ ውስጥ ናት። እዚህ የመጣው ታሪኳ ብቻ ነው።

ዳልቻ ትባላለች። ዐሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ለውሻ ይህ ምርኩዝ የሚያዝበት ዕድሜ ነው። በጉብዝናዋ ጊዜ እንኳን ሌባ ጅብም ያንን አጥር በሩቁ ነበር የሚዞረው። የሰውየው ቱቦ፣ መፍቻው፣ መገጣጠሚያው ሁሉ ግቢ ውስጥ ተዘርግፎ ያድራል። በዐሥራ ሁለት ዓመት አንድ ብሎን አልጠፋበትም። ስታረጅ ደግሞ፣ የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቁታላችሁ፣ በረንዳው ላይ ጆንያ አነጠፈላትና እዚያ ትተኛ ጀመር።

በጥቅምት መጨረሻ ላይ ጆንያው ረጥቦ መገኘት ጀመረ።

መጀመሪያ ዝናብ መስሏቸው ነበር። በኋላ ግን ውሻዋ ከተኛችበት ስትነሳ ከሥሯ እርጥብ ሆኖ ይገኝ ጀመር። ቀን ቀን ደግሞ ዐሥር ጊዜ ቁጢጥ ትላለች፤ የሚወጣት ጠብታ ነው። ራሷን ትልሳለች። ሽታው በረንዳውን አልፎ ሳሎን ገባ። ሚስቱ አረጋሽ በረንዳውን በበረኪና ስታጥብ እጇ ተላጠ።

«ብርድ መቷት ነው» አለች አረጋሽ።

«አርጅታ ነው» አሉ ጎረቤታቸው ጋሽ ሽብሩ፣ ከአጥሩ ማዶ ሆነው። «ምን ታደርጋታለህ? አንድ ቁራጭ ሥጋ በመርዝ ነው። መርዙ እኔ ዘንድ አለ።»

ሰውየው ግን መጀመሪያ የራሱን ዘዴ ሞከረ። ቧንቧ ሠራተኛ ነው አልኳችሁ። ቧንቧ ሲያፈስ መጀመሪያ ምን ይደረጋል? ውኃው ከዋናው ይዘጋል! እሱም የዳልቻን የውኃ ጣሳ አነሳው። ጠዋት አንድ ጊዜ ትጠጣለች፤ ከዚያ ጣሳው መስኮት ላይ ወጥቶ ይውላል።

ጨካኝ ነው ብላችሁ እንዳትፈርዱበት። ሃያ ዓመት ሙሉ ቤቶችን ከጎርፍ ያዳነበትን ዘዴ ነው ያደረገው። ብዙ ጊዜ ሰው የሚሳሳተው በማያውቀው ነገር አይደለም፤ በደንብ በሚያውቀው ነው።

ታዲያ ፍሳሹ ቆመ? ባሰ እንጂ! ሽንቷ ወፍሮ ደም ቀላቀለ። ሽታው እጥፍ ሆነ። ከጥማቷ የተነሣ የልብስ እጣቢ ስትጠጣ አረጋሽ አገኘቻት።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ዘመድ ተሰበሰበ። ማዕዱ ቀርቦ፣ እንግዳው ሁሉ ተቀምጦ ሳለ ዳልቻ ሰው አየሁ ብላ ጭራዋን እየቆላች በሩ ላይ መጣች። ደስ ብሏት ነበር። እዚያው፣ ደፉ ላይ፣ እንግዳው ሁሉ እያየ ሽንቷ አመለጣት።

ሰውየው ፊቱ ቀላ። ሲያፍር የሚቆጣ ሰው ታውቃላችሁ አይደል? እሱ እንደዚያ ነው። ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «በቃኝ!» አለ። «ሽንቱን መያዝ ያቃተው ፍጡር ሰው ቤት ውስጥ ምን ይሠራል? ከጋሽ ሽብሩ መርዙን ተቀብዬ እሑድ እሸኛታለሁ።»

እንግዶቹ ሳቁ። ምሳው ቀጠለ።

በዚያ ማዕድ የሰውየው እናት፣ እማማ የሻረግ፣ ጥግ ይዘው ተቀምጠው ነበር። ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ እናት ናቸው። ልጃቸው ይህን ሲናገር ፊት ለፊታቸው የነበረውን የውኃ ብርጭቆ በእጃቸው ጀርባ ቀስ አድርገው ገፋ አደረጉት። ማንም አላየም። እናንተ ግን እዩልኝ፤ ያቺን ብርጭቆ አትርሷት።

እሑድ ደረሰ፤ እማማ የሻረግ ቅዳሴ ቀሩ። «ጉልበቴን» አሉ። ልጃቸውም «እረፊ እማዬ» ብሎ አለፈ።

እሱ ደግሞ በዚያ እሑድ መርዙን ሊቀበል ጋሽ ሽብሩ በር ድረስ ሄዶ ተመለሰ። እጁ እምቢ አለው። ዐሥራ ሁለት ዓመት ደጁን የጠበቀችውን ውሻ ሥጋ አሳይቶ መግደል አልሆነለትም። «ቢያንስ ሐኪም በመርፌ ያሳርፋት» ብሎ ሰኞ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ወሰዳት።

እዚያ ወረፋው በሬ ነው፣ በግ ነው፣ በቅሎ ነው። ውሻ ይዞ የቆመ እሱ ብቻ ነው። አንዱ ገበሬ፣ «ይቺ ትታለባለች እንዴ?» ብሎ ቀለደበት።

ሐኪሟ ዶክተር ፍሬሕይወት ትባላለች። ነገሩን ሰምታ ስታበቃ፣ «ውኃ ትጠጣለች?» አለችው።

«ከልክያታለሁ!» አለ፣ ሥራውን በደንብ እንደሠራ ሰው።

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እርስዎ ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ቧንቧ።»

«ግድግዳ ሲረጥብ የት እንዳፈሰሰ ሳያዩ ቤቱን ያፈርሳሉ?»

«ኧረ በፍጹም!»

«እኔም ሳልመረምር አልገድልም። ሽንቷን በንጹሕ ዕቃ ያምጡልኝ፤ መሬት ሳይነካ።»

ቀላል ነገር ይመስላል። እስቲ እናንተ ሞክሩት! ያ ሰው በቀትር ፀሐይ የወጥ ጭልፋ ይዞ ግቢውን ሙሉ ከውሻ ኋላ ኋላ ሲዞር አስቡት። ቁጢጥ ስትል ያጎነብሳል፤ ሲያጎነብስ ዞራ ታየዋለች፤ ታፍርና ትነሳለች። ጋሽ ሽብሩ ከአጥር ማዶ በሳቅ ሞቱ። አረጋሽ ከጓዳ ብቅ ብላ «ጭልፋዬን! የወጥ ጭልፋዬን!» ብላ ጮኸች። በመጨረሻ ሁለት ማንኪያ የምታህል አገኘና በጠርሙስ ይዞ እየሮጠ ሄደ።

ሐኪሟ መርምራ ጠራችው። «ሁለት ነገር ነው ያለባት» አለችው። «አንዱ ሕመም ነው፣ አንዱ ዕድሜ ነው። እርስዎ ሁለቱን አንድ አድርገው ነው የፈረዱባት። ቶሎ ቶሎ የሚያሸናት፣ ደሙ፣ ሽታው የሽንት ፊኛዋ ኢንፌክሽን ስላለበት ነው። ይህ ይድናል። ኪኒኑን ዐሥራ አራት ቀን ይስጧት፤ ሲሻላት እንዳያቋርጡ። ሲያልቅ ሽንቷን እንደገና አያለሁ። ተኝታ የሚያመልጣት ግን የሚይዘው ጡንቻ ስለላላ ነው። ለእሱም መድኃኒት አለ፤ ከአዲስ አበባ አስመጣልዎታለሁ። ይቀንስላታል፤ ጨርሶ ግን ላይተዋት ይችላል።»

«ውኃውስ?»

«ውኃው እንደ ልቧ፣ ቀኑን ሙሉ። እንዲያውም ያባሰባት የእሱ መከልከል ነው። ውስጧን የሚያጥበው ውኃ እኮ ነው። እርስዎ ውኃ ስለማይሄድበት ቱቦ ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ።»

ሰውየው ያውቃላ! የቆመ ውኃ እንደሚሸት፣ ውኃ ያላለፈበት ቱቦ እንደሚደፈን ስንት ሰው ቤት ቆሞ አስተምሯል። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል፤ እሱ ግን ሥሩን ሳያይ ጥሩውን ውኃ ከልክሎ ሰነበተ።

ቤቱ ገባ፤ ጣሳውን ከመስኮት አወረደው። ዳልቻ ጠጥታ ጠጥታ ቀና ስትል ጢሟ ይንጠባጠብ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሥራው ሥራ ሆነ። ጆንያው ቀርቶ ከታች ላስቲክ፣ ከላይ አሮጌ ብርድ ልብስ፤ አንዱ ሲታጠብ ሌላው ይነጠፋል። ስትነቃ ያስወጣታል፣ ስትበላ ያስወጣታል፣ ሊተኙ ሲሉ ያስወጣታል። ከኋላዋ በለብታ ውኃ አጥቦ ያደርቃታል። በአምስተኛው ቀን ደሙ ጠፋ፤ ሽታውም ጠፋ። ሰውየው «ድናለች» ብሎ ኪኒኑን ሊያስቀምጥ ሲል አረጋሽ፣ ያቺ በበረንዳው ስትማረር የነበረችው፣ እጁን ያዘችው። «ዐሥራ አራት ተብሏል፤ ዐሥራ አራት ነው!» አለችው። ኪኒኑን ዳቦ ውስጥ እየደበቀች እሷው ጨረሰችላት።

አንዳንድ ጠዋት ብርድ ልብሱ አሁንም ይረጥብ ነበር። አረጋሽ «ዛሬም?» ስትል ሰውየው አይቆጣም። «ረጠበ፤ ይቀየራል። ሌላ ምን አለው?» ይላል። ይህችን ቃል ለመደና በየጠዋቱ ይላት ጀመር።

እማማ የሻረግ በረንዳው ላይ ወንበራቸውን አስጠግተው ይህን ሁሉ ያያሉ። አሁንም ቅዳሴ አልሄዱም። ሻይ ሲቀርብላቸው ከንፈራቸውን ነካ አድርገው ይመልሳሉ። ከስተዋል።

አንድ ረፋድ ላይ ልጃቸው ዳልቻን በፎጣ እያደረቀ ሳለ፣ «አንተ» አሉት።

«አቤት እማዬ።»

«ያቺ ሐኪም… ሰው ታያለች?»

ሳቀ። «የከብት ሐኪም እኮ ናት፣ እማዬ!»

እሳቸው አልሳቁም። ውሻዋን ነበር የሚያዩት። «እኔም እንደሷ ነኝ» አሉ። «ከመስከረም ጀምሮ ያመልጠኛል። ሰሞኑን ደግሞ ያቃጥለኛል። እናንተ ሥራ ስትሄዱ ነው ልብሴን የማጥበው። ከቅዳሴ የቀረሁት ጉልበቴ አሞኝ መሰለህ? ቆሜ ሳስቀድስ ቢያመልጠኝስ ብዬ ነው።»

ፎጣው ከሰውየው እጅ ወደቀ። «እንዴት ሳትነግሪኝ፣ እማዬ? ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ልጠይቅህ ነበር» አሉት። «የሚካኤል ዕለት መልሱን ነገርከኝ እንጂ፣ ልጄ።»

ምእመናን፣ ያ ሰው በሕይወቱ ብዙ ነገር ሰምቷል። እንዲህ ያለ ነገር ግን ሰምቶ አያውቅም። በረንዳው ላይ እናቱ እግር ሥር ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሲያበቃ ተነሥቶ ገባና ብርጭቆ ሙሉ ውኃ ይዞ ወጣ። በሁለት እጁ ሰጣቸው። እስኪጨርሱ ቆመ።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ወሰዳቸው። የሰው ሐኪሙ ምን አለ? ያው ነው። ኢንፌክሽን አለ፣ ይድናል። ዕድሜም አለ፣ ለእሱ ደግሞ የሚረዳ ነገር አለ። «ለምንድን ነው ውኃ የማይጠጡት?» ብሎ ጠየቃቸው። እማማ የሻረግ ልጃቸውን አላሳጡትም፤ «አይጠማኝም» አሉ። የእናት ነገር! ንስሓ አባታቸውም ነገሩን ሰምተው፣ «እማማ፣ ሕመም ኃጢአት አይደለም፤ ይምጡ» አሏቸው። ዛሬ በሴቶች በኩል፣ በሩ አጠገብ ቆመው ያስቀድሳሉ። ዳልቻም አለች። ጨርሳ አልደረቀችም። ሲረጥብ ይቀየራል።

እንግዲህ ወደ እናንተ ልምጣ።

ያ ሰው እናቱን ሰድቦ ያውቃል? አያውቅም። ስለ ውሻ ነበር የተናገረው። እናንተስ? ስለ ጎረቤት ሽማግሌ፣ አልጋ ላይ ስለዋለች የሰው እናት፣ ነገር ስለሚረሱት አዛውንት በማዕዳችሁ ላይ የቀለዳችሁት ቀልድ የለም? ያን ጊዜ ጥግ ላይ ማን ተቀምጦ ነበር? ማን ሰምቶ «የእኔም ቀን ሲደርስ እንዲህ ልባል ነው» አለ?

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንላለን። እውነት ነው። ግን ያስደበቀውን ማን ጠየቀ? እኛ እኮ ነን መጀመሪያ ያስፈራነው፣ ደግሞም «ለምን አልነገርከንም?» ብለን የምንቆጣው እኛው ነን።

ውኃ የከለከልነውስ ስንቱን ነው? አባት ሲደጋግም ሰለቸንና ማዋራት ተውን። ባወራነው ቁጥር ይደጋግማላ! እናት ስትወድቅ ፈራንና ከቤት እንዳትወጣ አደረግን። ፍሳሹ እንዳያስቸግረን ውኃውን ከዋናው ዘጋነው። ፍሳሹ ቆመ? ያ ሰው በውሻው ያየውን እኛ በወላጆቻችን እስክናይ ነው የምንጠብቀው?

አንድ ቀን የእናንተም ጡንቻ ይላላል። አትሳቁ፣ ይላላል። ያን ቀን በቤታችሁ የሚነገረው ቃል ዛሬ ልጆቻችሁ እየሰሙ የሚያጠኑት ነው። «እሸኛታለሁ» የሚለውን ያጥኑ ወይስ «ረጠበ፤ ይቀየራል» የሚለውን? የምታስጠኗቸው እናንተ ናችሁ።

አሁን ወደየቤታችሁ ትሄዳላችሁ፤ ማዕድ ይቀርባል። ከመቁረሳችሁ በፊት ጥግ ወደ ተቀመጡት ዞር በሉ፤ ፊት ለፊታቸው ያለውን ብርጭቆ እዩ። ጎድሎ ካገኛችሁት ሙሉላቸው። ሙሉ ሆኖ ካገኛችሁት ግን «አልጠማቸውም» ብላችሁ አትለፉ። አጠገባቸው ተቀመጡና ምን ብላችሁ እንዳስፈራችኋቸው ጠይቁ።