የጋሽ ተካልኝ ስፖኪዮ

በአንድ ወቅት፣ ሰማዩ ልዝነብ ወይስ ላብራ እያለ በሚያመነታበት ወቅት፣ ሌቦቿ መስታወት የሚወዱ አንዲት ከተማ ነበረች።

መኪና ለአፍታ ከቆመ ሹፌሩ ከኋላው የሚመጣውን የሚያይበት የጎን መስታወት፣ ስፖኪዮ የሚሉት፣ በቦታው አይገኝም። ጠዋት ጠዋት መንገድ ዳር የቆሙት መኪኖች ጆሯቸውን የተቆረጡ በጎች ይመስሉ ነበር። ሰዉ ለምዶታል። ባለመኪናው ወደ መለዋወጫ ተራ ይወርዳል፤ የገዛ መስታወቱን መልሶ ይገዛል፤ ፊቱን አይቶበት፣ «አዎ፣ እኔው ነኝ» ብሎ ይመለሳል።

በዚያች ከተማ ወይዘሮ አመለወርቅ የሚባሉ ሴት ይኖሩ ነበር። ባለቤታቸው ጋሽ ተካልኝ ክረምቱ ሊገባ ሲል አረፉ። የተዉላቸው አንዲት ሰማያዊ ላዳ ታክሲ ነው። ላዳዋ አጥሩ ሥር ቆማለች፤ በጎማዎቿ ዙሪያ ሣር በቅሏል። ቁልፏ በወይዘሮ አመለወርቅ መቀነት ጫፍ ተቋጥሯል።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ ወይዘሮ አመለወርቅ ከላዳዋ የኋላ ወንበር፣ በቀኝ በኩል ይቀመጣሉ። ገና ከጋሽ ተካልኝ ጋር ሳይተዋወቁ፣ ተሳፋሪ ሆነው የተቀመጡት እዚያ ነበር። ያን ቀን ሹፌሩ ስፖኪዮውን ወደ ውስጥ አዙሮ፣ መንገዱን ትቶ እሳቸውን ያይ ጀመር።

«ወንድሜ፣ ወደፊት ብታይ ምን አለበት?» አሉት።

«ብንጋጭ ጥፋቱ ያንቺ ነው። ለትራፊኩም እንደዚያው ነው የምነግረው» አላቸው።

ስፖኪዮው ከዚያን ቀን ወዲህ ወደ ውጭ ተመልሶ አልዞረም። አሁንም ብርሃኑ ሲቀላ በመስታወቱ ውስጥ ሁለት ዓይኖች ይመጣሉ። ፊት የለም፤ አፍ የለም። ዓይኖቹና ከጎናቸው ያሉት የሳቅ መስመሮች ብቻ። ለጥቂት ጊዜ እሳቸውን ያያሉ። ከዚያ ይጨልማል።

ለልጆቻቸው ነገሯቸው። ማንም አልሳቀም።

ልጆቹ ሦስት ናቸው። ትልቁ ናሁሠናይ በዋንጫና በቀለበት ላይ ስም ይቀርጻል። ምንትዋብ ፎቶ ቤት ትሠራለች፤ አንዴ ያየችውን አትረሳም። ትንሹ ዘርጋው ሥራ የለውም፤ ነገር ግን ከድንጋይም ጋር ቢሆን ይግባባል። ሦስቱም መንጃ ፈቃድ አላቸው። ሦስቱም ላዳዋን ይፈልጓታል፤ ላዳዋን የያዘ የራሱን እንጀራ ያዘ ማለት ነውና።

«ከሦስት አልቆርጣት» አሉ እናታቸው መቀነታቸውን እየነካኩ። «ያንን መስታወት ከሌባ የጠበቀልኝ ቁልፉን ይወስዳል።»

ናሁሠናይ መቅረጫውን ይዞ መጣ። በመስታወቱ ላይ፣ ከዳር እስከ መሃል፣ «ተካልኝ» ብሎ ቀረጸ። «ስም ያለበትን ዕቃ ማን ይገዛል?» አለ። አመሻሽ ላይ እናቱ ሲቀመጡ አንደኛው ዓይን ከፊደሎቹ በስተጀርባ ሆኖ ጠበቃቸው።

«ዓይኑን ጋረድከው እኮ።»

«ሁለቱንም ከምታጪ አንዱ ይጋረድ፣ እማዬ።»

ምንትዋብ መፍቻ ይዛ መጣች። በየማታው ፈትታ ከእናቷ ራስጌ ልታሳድረው ፈለገች። «የአባትሽን ዓይን ልትነቅይ?» ብለው ከለከሏት። እሷም መፍቻውን አስቀምጣ ታየው ጀመር። ወደ ሥራ ስትሄድ ታየዋለች፤ ስትመለስ ታየዋለች። የጠርዙን ጭረት፣ የጀርባውን ዝገት፣ አባቷ ክንዳቸውን ሲያሳርፉበት የለሰለሰውን ቦታ እንደ ሰው ፊት በቃሏ ያዘችው።

ዘርጋው ምንም ይዞ አልመጣም። ሥራ ፈቶች በሚደረደሩበት የግንብ አጥር ላይ ይውል ጀመር።

«እዚያ ምን ትሠራለህ?» አሉት እናቱ።

«እየተማርኩ ነው።»

«እስቲ ምን ተማርክ?»

«ሌባ የሚፈራው ውሻን እንዳልሆነ። በመስኮት የምታይ አሮጊት ናት የምታስፈራው።»

ናሁሠናይ ሳቀ። «በል ተመርቀህ ስትወጣ ዋንጫህ ላይ ስምህን በነጻ እቀርጽልሃለሁ።»

አንድ ጠዋት የእድር ጡሩምባ ተነፋ። ጎረቤታቸው አቶ ሰብስቤ አርፈዋል። በዚያ መንደር ጡሩምባ ከተነፋ ቤት የሚቀር የለም።

«እማዬ፣ እኔ ልቅር» አለች ምንትዋብ ላዳዋን እያየች።

«በአባትሽ ቀብር ማን ቀረ? ሰው ሁሉ በሩን ዘግቶ አልነበር እንዴ የወጣልን?»

«ሌባውም እኮ ጡሩምባውን ይሰማል» አለ ዘርጋው።

«ይስማ! ነጠላሽን አጣፊና ቅደሚ።»

መንደሩ በሙሉ ወጣ። መንደሩ በሙሉ አለቀሰ። መንደሩ በሙሉ ሲመለስ በስፖኪዮው ቦታ ሁለት የብሎን ቀዳዳዎች ነበሩ።

ወይዘሮ አመለወርቅ አላለቀሱም። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ገብተው በቦታቸው ተቀመጡ። ዓይኖቹ ይመጡበት ከነበረው በኩል ነፋስ ብቻ ይገባል። በማግስቱም ተቀመጡ። ምሳ አልበሉም፤ እራት አልበሉም። ልጆቹ ቁልፉን ረሱት፤ የሚያስፈራቸው የእናታቸው ዝምታ ሆነ።

ምንትዋብ ተነሣች። ዘርጋው ተከተላት።

መለዋወጫ ተራ ሰማይ የተሰባበረበት ሰፈር ነው። ከጣሪያ እስከ መሬት ስፖኪዮ ተንጠልጥሏል፤ በእያንዳንዱ ውስጥ ቁራሽ ደመና አለ። ምንትዋብ ስታልፍ መቶ ምንትዋቦች አብረዋት አለፉ፤ አንዳቸውም ሙሉ አልነበሩም።

«እህቴ፣ ምን ጠፋብሽ?» አላት አንዱ ነጋዴ።

«የላዳ ስፖኪዮ።»

«ዛሬ ከሌለኝ ነገ ይኖረኛል። የምታቆሚበትን ሰፈር ብቻ ንገሪኝ።» በራሱ ቀልድ ሳቀ። ከዚያ ትዝ አለው። «አንድ ሰው የላዳ ይዞ ሲዞር ነበር። ስም ተቀርጾበታል። እኛ ስም ያለበት አንነካም።»

ምንትዋብ ቀና አለች። ከፊቷ በተንጠለጠለ አንድ መስታወት ውስጥ፣ ከትከሻዋ በላይ፣ ከሳ ያለ ሰው አየች። በብብቱ ሥር የሆነ ነገር ደብቋል፤ የለሰለሰችው ጠርዝ ብቻ ብቅ ብላለች። ዞረች። ሳታስብ መስታወቱን በሁለት እጇ ያዘችው።

«የአባቴ ነው!»

«የማን እንደሆነማ ተጽፎበታል» አለ ሰውየው በድካም። «ስሙ ነው ያስራበኝ።»

ሲጓተቱ መስታወቱ ቀጭን ድምፅ አሰማ። ከላይ እስከ ታች አንዲት መስመር ተሰነጠቀች። «ሌባ!» አለ አንድ ድምፅ። «ሌባ! ሌባ!» አለ ተራው ሁሉ። አንዱ ድንጋይ አነሣ፤ አንዱ ብረት መዘዘ። መቶዎቹ መስታወቶች በተነሡ እጆች ተሞሉ።

ዘርጋው ሰውየውን አቅፎ በመሃል ቆመ።

«ምን ነካችሁ? ወንድማችን ነው! ተካልኝ! የራሱን ዕቃ ነው የያዘው፤ ማንበብ የሚችል ያንብብ!»

አነበቡ። ከዚያ ምንትዋብን አዩ። ምንትዋብ የሰውየውን እጅ አየች፤ የዘርጋውን ክንድ ጨብጧል።

«ወንድሜ ነው» አለች። «በንዴት ነው የጮህኩት።»

«የቤተሰብ ጠብ ገበያ ላይ ይመጣል እንዴ?» አለ ድንጋይ የያዘው፣ እንደማፈር ብሎ። እጆቹ አንድ በአንድ ወረዱ። መስታወቶቹ ደመናቸውን መለሱ።

የሰውየው ስም ደምስ ነው። ዘርጋው እጁን ይዞ ቤት አመጣው። ወይዘሮ አመለወርቅ አንዴ አዩት፣ አንዴ መስታወቱን አዩ፣ ከዚያ ምግብ አቀረቡ። ከቀብሩ ወዲህ እሳቸውም ለመጀመሪያ ጊዜ ጎረሱ።

ደምስ ሲጠግብ ዓይኑ በቤቱ ውስጥ መዞር ጀመረ። ናሁሠናይ ተነሥቶ ቆመ።

«ተቀመጥ» አለው ደምስ። «ልንገራችሁ ብዬ ነው። ይሄ በር ከታች ቢነሣ ከማጠፊያው ይወልቃል። ፍራሽ ሥር የምታስቀምጡትን መጀመሪያ የምንፈልገው እዚያ ነው። ጡሩምባ ሲነፋ ደግሞ...» ወደ ዘርጋው ዞረ። «አንድ አሮጊት በተራ ትቅር። መስኮቷን ትክፈት። እኔ ብሆን ወደ ቤቴ እመለሳለሁ።»

ዘርጋው ለእድሩ ተናገረ፤ እድሩ አጉረመረመ፤ ተስማማ። ከዚያ ወዲህ በዚያ መንደር የጠፋ ነገር የለም። ግን ሰዉ በሰላምታ መሃል የሌላውን እጅ ያይ ጀመር። በየመስኮቱ አንዳንድ አሮጊት አለች። ወይዘሮ አመለወርቅም ደምስ በመጣ ቁጥር መቀነታቸውን ጠበቅ ያደርጋሉ፤ እያደረጉ ያፍራሉ።

ስፖኪዮው በብሎኖቹ ላይ ተመለሰ። ብርሃኑ ሲቀላ ወይዘሮ አመለወርቅ ከኋላ ተቀመጡ። ሦስቱ ልጆች በአጥሩ ጥግ ቆሙ።

«ስሙን ባልቀርጽ በዚያው ቀን ተሽጦ ነበር» አለ ናሁሠናይ።

«እኔ ባላውቀው በዚያ ሁሉ መስታወት መሃል ማን ያገኘው ነበር?» አለች ምንትዋብ።

«ስሙ ሰውየውን አስራበ፤ ጩኸትሽ ደግሞ ሊያስገድለው ነበር» አለ ዘርጋው። «እኔ ባልገባ በሰው ደም የተመለሰ መስታወት ነበር እማዬ የምታየው። ነገ ደግሞ ሌላ ሌባ መጥቶ ይነቅለዋል።»

«አንተ ደግሞ ሌባውን ማዕድ ላይ አስቀመጥክልን!» አለ ናሁሠናይ።

«ዝም በሉ፤ እየመጣ ነው» አሉ እናታቸው።

ዓይኖቹ መጡ። አንደኛው ከፊደሎቹ በስተጀርባ ነው። ሌላኛውን ስንጥቁ ለሁለት ከፍሎታል። የሳቅ መስመሮቹ በቦታቸው አሉ። ወይዘሮ አመለወርቅ ድሮ እንደጠየቁት ጠየቁ፤ «ወደፊት ብታይ ምን አለበት?»

ዓይኖቹ ግን እሳቸውን አልፈው ወደ አጥሩ ጥግ ያዩ ነበር። የትኛውን ልጅ እንደሚያዩ ሳይለይ ጨለመ።

ወይዘሮ አመለወርቅ ጣታቸውን በቋጠሮው ላይ እንዳደረጉ አሁንም ተቀምጠዋል። ስሙን ቀርጾ ዓይኑን ለጋረደው? ፈልጋ አግኝታ ለሰነጠቀችው? ወይስ የሰው ነፍስ አድኖ ሌባውን ቤት ላስገባው? እናንተ በእሳቸው ቦታ ብትሆኑ ያንን ቋጠሮ ለማን ትፈቱት ነበር?