መለኪያው የተሰቀለበት ምስማር

ወገኖቼ፣ እስቲ ስለ አንድ ሰው ላጫውታችሁ። የት አገር ነው አትበሉኝ፤ ነገሩ ሲያልቅ ራሳችሁ ታውቁታላችሁ።

ይህ ሰው ከመሬት በታች ዩራኒየም የሚባለውን ማዕድን የሚቆፍር ሠራተኛ ነበር። ማዕድኑ ክፉ ጠባይ አለው፤ ጨረር ያወጣል። ጨረሩ አይታይም፣ አይሸትም፣ ሰውነት ውስጥ ሲገባም አያምም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቆፋሪ ደረቱ ላይ የሚሰካ ትንሽ መለኪያ ይሰጠዋል። መለኪያው አያድንም፣ አይገድልም፤ እውነቱን ብቻ ይናገራል። በየሦስት ወሩ ተነብቦ ወረቀት ላይ ይጻፋል። የሞላበት ሰው ከጉድጓድ ይወጣል፣ ሐኪም ደረቱን ያየዋል፣ ከዚያ በኋላ ሥራው ግቢ መጥረግ ይሆናል።

ግቢ መጥረግ! ይህን የትኛው ወንድ ይወዳል? ዳምጤ የሚባል ባልደረባቸው መለኪያው ሞልቶ መጥረጊያ የያዘ ዕለት እንዴት እንደሳቁበት! "ወይዘሮ ዳምጤ፣ ደጁን አሳምረሽ ጥረጊ!" ይሉት ነበር። ከሁሉ አብልጦ የሳቀው ይኸው የእኛ ሰው ነው።

ለራሱ ግን ብልሃት አበጀ። ጉድጓዱ አፍ ላይ ምስማር መታ። ጠዋት ሲገባ መለኪያውን ከደረቱ ፈትቶ እዚያ ይሰቅላል፤ ሲወጣ መልሶ ይሰካዋል። ጓደኞቹም አይተው ተከተሉት፤ ግድግዳው ምስማር በምስማር ሆነ። አለቃቸውስ? አይቶ እንዳላየ ያልፋል። ንጹሕ ወረቀት ማን ይጠላል?

አንድ ቀን ሚስቱ አስካለ አቧራ የጠጣ ልብሱን እያጠበች፣ "ይሄን ሳልህን አልወደድኩትም። ኧረ ሐኪም ይይህ" አለችው።

"መለኪያዬ ንጹሕ ነው አስካለ፤ ምን ብዬ ልታይ?" አላት።

አያችሁ? ራሱ የዋሸውን ራሱ አመነው።

ስምንት ዓመት አለፈ። ሳሉ ደም አመጣ። ሐኪሙ የስምንት ዓመቱን ወረቀት አገላበጠና፣ "በዚህ ወረቀት ከሆነማ አንተ ጉድጓድ ገብተህ አታውቅም" አለው።

ሰውየው አቀረቀረ። "መለኪያዬ ምስማር ላይ ነበር፣ ዶክተር።"

ሐኪሙ ወረቀቱን አስቀመጠ። "ምነው ቀደም ብለህ በመጣህ፣ ወንድሜ" አለው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ብቻ አይደለም። የሁሉም ወረቀት ንጹሕ ስለነበረ፣ ጉድጓዱ ጤነኛ ነው ተባለ፤ አየር የሚያስገባ ማራገቢያ ሳይጨመርለት ቀረ። አጠገቡ የሚቆፍሩትም ያንኑ አየር ሲምጉ ኖሩ።

ዳምጤ ሊጠይቀው መጣ። ያ የተሳቀበት ዳምጤ! ሐኪም በጊዜ ስላየው ድኖ፣ ፀጉሩ ሸብቶ፣ በእግሩ ቆሟል። ሰውየው እጁን ያዘና፣ "ሳቅሁብህ፤ ይቅር በለኝ" አለው። "የታመምሁ ዕለት መለኪያዬ ምስማሩ ላይ ቀርቷል፤ አውርደህ ለሚቆፍሩት ልጆች አሳያቸው። ደረታቸው ላይ ይሰኩት በላቸው።"

በሦስተኛው ቀን ቀበሩት። ዳምጤም ሄዶ መለኪያውን አወረደ። መለኪያው ንጹሕ ነበር።

ወገኖቼ፣ እናንተ ዩራኒየም አትቆፍሩም። ምስማር ግን የላችሁም? ንስሐ አባታችሁ ፊት ስትቀርቡ ልባችሁን ደጅ ሰቅላችሁ አልገባችሁም? "ደህና ነኝ፣ አባ" ብላችሁ የወጣችሁት ስንት ጊዜ ነው? እውነቱን ተናግሮ በተዋረደ ወንድማችሁ አልሳቃችሁም? እናንተስ፣ ሰው የምታሠሩ አለቆች፣ ምስማሩን አይታችሁ አላለፋችሁም? የእናንተ ዝምታ የስንቱን ሳንባ በላ?

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ይህን ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል፣ ግን አልሰማነውም። ማፈር ይሻላል፣ ልጆቼ። መጥረጊያ መያዝ ይሻላል። ዳምጤ አፈረ፤ ዳምጤ ኖረ።

ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ያን የሰቀላችሁትን አውርዱት። ከቀብራችሁ መልስ ሌላ ሰው እስኪያወርድላችሁ አትጠብቁ።