ደብሪቱና ያልደረቀው አፈር

ወሬ የሚወድ ካለ ይጠጋ፤ ጉዳይ ያለበትም ጉዳዩን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ይስማ። አንዲት ሴት ነበረች፣ ደብሪቱ የምትባል፣ ከሩቅ ወረዳ የመጣች የባዮሎጂ አስተማሪ። ሁለተኛ ዲግሪዋን ልትማር ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ገባች፤ ተማረች፣ ጻፈች፣ ፈታኞች ፊት ቀርባ ዲፌንስ አደረገች፣ አለፈችም። አሁን የቀራት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የአማካሪዋ ፊርማ። ፊርማ ሲያዩት ትንሽ ነገር ነው፤ ዝንብ ቀለም ረግጣ ወረቀት ላይ ብታልፍ ከዚያ አያንስም። ደብሪቱ ግን ያቺን ትንሽ ነገር ካላገኘች አገሯ አትገባም።

አገሯ ደግሞ ሁለት ነገር ይጠብቃታል። አንዱ ሥራዋ ነው። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ካልተገኘች ቦታዋ ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ ርዕሰ መምህሩ በስልክ አስረግጦ ነግሯታል። ሁለተኛዋ ልጇ ስመኝ ናት። ለእህቷ ለያምሮት ትታት ስትመጣ ገና አፏን እየፈታች ነበር፤ ዛሬ አምስት ዓመት ሞልቷት ምላሷ ጤፍ ይቆላል። እናቷን "ደብሬ" ትላታለች፤ "እማዬ" የምትለው አክስቷን ነው። ደብሪቱ ይህን በስልክ ስትሰማ ትስቃለች፣ ስልኩን ስትዘጋ ታለቅሳለች። ባለፈው እሑድ ልጅቷ፣ "ነገ፣ ከነገ ወዲያ አትበይኝ፤ ቀኑን ንገሪኝ" አለቻት። ደብሪቱ የምትነግራት ቀን አልነበራትም።

ስለዚህ ሰኞ ጠዋት ወደ አማካሪዋ፣ ወደ ዶክተር አስቻለው ቢሮ ሄደች። ዶክተሩ ደግ ሰው ናቸው፤ ብቻ አንዴ ካሉ ካሉ ነው። ጠረጴዛቸው ላይ የወረቀት ክምር አለ፤ ክምሩ ላይ ክዳኑ የተገጠመ ብዕር ተጋድሟል። ደብሪቱ አየችው እንጂ ልብ አላለችውም።

"ዶክተር፣ ይፈርሙልኝ፤ እኔም አገሬ ልግባ" አለቻቸው።

"በደስታ ነበር" አሏት። "ግን ፈታኞቹ ለጥናትሽ ከታችኛው ማሳ ያመጣሽው አፈር እንደገና ደርቆ ይመዘን ብለዋል። ውጤቱን ሳላይ ብፈርም ውሸት ፈረምኩ ማለት ነው። አፈሩን አስደርቀሽ አምጪ፤ አንቺን ሳልሸኝ እኔም ሌላ ሥራ አልጀምርም።"

እውነታቸውን ነው፤ ደብሪቱም ይህን ስለምታውቅ አልተከራከረችም። አፈሯን በፌስታል አንጠልጥላ ወደ ቤተ ሙከራው ወረደች።

የቤተ ሙከራው ሠራተኛ ጋሽ ወንድይፍራው ነጭ ጋዋናቸውን ለብሰው፣ ወንበር በር ላይ አውጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ።

"ጋሽ ወንድይፍራው፣ አፈሬን ያድርቁልኝ፤ አፈሬ ዶክተሩን ያስፈርም፤ እኔም አገሬ ልግባ።"

"በምን ላድርቅልሽ ልጄ? ማድረቂያው ኦቭን ከሞተ ሰነበተ። በጣሪያው የሚመጣው የኤሌክትሪክ ገመድ ተቃጥሏል። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ይቀጥለው እንጂ እኔ ምን ገዶኝ።"

"ፀሐይ ላይ ባሰጣውስ?"

"ፀሐይማ እኔንም እያደረቀችኝ ነው፤ ፈታኞች ግን አይቀበሏትም።"

ኦቭኑ አይግል፣ አፈሩ አይደርቅ፣ ዶክተሩ አይፈርሙ፣ ደብሪቱም አገሯ አትገባ። ፌስታሏን ይዛ ወደ ጥገና ክፍል ሄደች።

ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ኸይሩ ይባላል። ሥራ የሚወድ ልጅ ነው፤ ሲያገኘው።

"ኸይሩ ወንድሜ፣ ገመዱን ቀጥልልኝ፤ ገመዱ ኦቭኑን ያግል፤ ኦቭኑ አፈሬን ያድርቅ፤ አፈሬ ዶክተሩን ያስፈርም፤ እኔም አገሬ ልግባ።"

"ፒንሳ አለኝ፣ ገመድ አለኝ፣ እጅም አለኝ እህቴ። የሌለኝ መሰላል ነው። የሴቶች ማደሪያ ተቆጣጣሪዋ፣ እትዬ ጥሩወርቅ፣ ለአንድ ቀን ብለው ወስደው እዚያው ተከሉት። ያለ መሰላል ጣሪያ አልወጣም፤ ዝንጀሮ አይደለሁ።"

ኸይሩ አይወጣ፣ ኦቭኑ አይግል፣ አፈሩ አይደርቅ፣ ዶክተሩ አይፈርሙ፣ ደብሪቱም አገሯ አትገባ። እሷም ወደምታድርበት ወደ ሴቶች ማደሪያ ተመለሰች።

እትዬ ጥሩወርቅ መሰላሉ ሥር ቆመው ጀሪካን ይቀበላሉ፤ መሰላሉ ጣሪያ ላይ ካለው የውሃ ታንከር ጋር ተደግፏል።

"እትዬ ጥሩወርቅ፣ መሰላሉን ይልቀቁልኝ፤ መሰላሉ ኸይሩን ያውጣ፤ ኸይሩ ኦቭኑን ያግል፤ ኦቭኑ አፈሬን ያድርቅ፤ አፈሬ ዶክተሩን ያስፈርም፤ እኔም አገሬ ልግባ።"

"አልለቅም" አሉ እትዬ ጥሩወርቅ። "ቧንቧው ከደረቀ ወዲህ ልጆቼ ታንከሩ ሥር የቀረችውን ውሃ የሚቀዱት ጣሪያ ወጥተው ነው። መሰላሉን ብለቅ ይሄ ሁሉ ሴት ፊቱን በምን ይታጠባል? አንቺስ ዛሬ በምን ታጠብሽ?"

ደብሪቱም ጠዋት በዚያው መሰላል ወጥታ ነበር የቀዳችው።

"ይልቅ የውሃ ሠራተኛው ጋሽ ቶሎሳ ፓምፑን አስነስቶ ውሃ ይግፋልን" አሏት ለስለስ ብለው። "ያን ጊዜ መሰላሉን እኔው ራሴ ተሸክሜ አመጣልሻለሁ።"

መሰላሉ አይለቀቅ፣ ኸይሩ አይወጣ፣ ኦቭኑ አይግል፣ አፈሩ አይደርቅ፣ ዶክተሩ አይፈርሙ፣ ደብሪቱም አገሯ አትገባ። ከግቢው ጀርባ ወደ ውሃ ጉድጓዱ ቁልቁል ወረደች፤ ፌስታሉም እየከበዳት መጣ።

ጋሽ ቶሎሳ ከፓምፑ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ቆሎ ይቆረጥማሉ።

"ጋሽ ቶሎሳ፣ ውሃ ይግፉልኝ፤ ውሃው መሰላሉን ያስለቅቅ፤ መሰላሉ ኸይሩን ያውጣ፤ ኸይሩ ኦቭኑን ያግል፤ ኦቭኑ አፈሬን ያድርቅ፤ አፈሬ ዶክተሩን ያስፈርም፤ እኔም አገሬ ልግባ።"

ጋሽ ቶሎሳ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሟት። "መጀመሪያ ቆሎ ዝገኚ" አሏት። ዘገነች። "ፓምፑ ጤነኛ ነው። የሚጠጣው ግን ናፍጣ ነው፤ ናፍጣ ደግሞ የለም። ሹፌሩ ቢራራ ከተማ ወርዶ ያምጣልኝ፤ እኔ አሁኑኑ አስነሳዋለሁ።"

ፓምፑ አይነሳ፣ መሰላሉ አይለቀቅ፣ ኸይሩ አይወጣ፣ ኦቭኑ አይግል፣ አፈሩ አይደርቅ፣ ዶክተሩ አይፈርሙ፣ ደብሪቱም አገሯ አትገባ። በአንድ እጇ አፈር፣ በሌላው ቆሎ ይዛ ዳገቱን ወጣችና መኪና ማቆሚያው ደረሰች።

ቢራራ ባዶውን የናፍጣ በርሜል ጭኖ፣ ሥራ ፈትቶ መስታወት ይወለውላል።

"ቢራራ ወንድሜ፣ ናፍጣ አምጣልኝ፤ ናፍጣው ፓምፑን ያስነሳ፤ ፓምፑ ውሃ ይግፋ፤ ውሃው መሰላሉን ያስለቅቅ፤ መሰላሉ ኸይሩን ያውጣ፤ ኸይሩ ኦቭኑን ያግል፤ ኦቭኑ አፈሬን ያድርቅ፤ አፈሬ ዶክተሩን ያስፈርም፤ እኔም አገሬ ልግባ።"

"እኔስ መቼ ጠላሁ" አለ ቢራራ። "የመውጫ ፈቃድ ሳይፈረምልኝ ጥበቃው በሩን አይከፍትልኝም። የስምሪት ኃላፊው እረፍት ወጥቶ አንድ ዶክተር ወክሏል። ዶክተሩ ደግሞ የአንዲት ተማሪያቸውን ወረቀት ሳይፈርሙ ሌላ ወረቀት ላይፈርሙ፣ 'እሷ ትሙት' ብለው ምለው ብዕራቸውን ከድነው ተቀምጠዋል። ለበጎ የማለን ሰው ማን ደፍሮ ይናገራል? እኔ ግን ያቺን ተማሪ ባገኛት የምላትን አውቃለሁ። ግቢውን በሙሉ ውሃ ያስጠማችው እሷ ናት።"

ደብሪቱ ቆሎውን መቆርጠም ተወች። "ማን ይባላሉ ዶክተሩ?"

"ዶክተር አስቻለው።"

"ያቺ ተማሪ እኔ ነኝ" አለች ደብሪቱ።

ቢራራ ሊላት ያሰበውን ሁሉ ረሳው። መወልወያውን ትከሻው ላይ ጣል አደረገና፣ "እንግዲያስ ምን ቆመሽ ታይኛለሽ? ሂጂና መሐላውን አስፈቺ እንጂ" አላት።

ማስፈታቱ በአፍ ይቀላል። በሰው ሞት የማለ ሰው መሐላውን ቢያፈርስ መዘዙ ለተማለበት ይተርፋል ይባላል፤ ዶክተሩ ደግሞ የማሉት በደብሪቱ ነው። ከዚያ የባሰው ሌላው ነው። ፊርማው ገና በእጇ ያልገባ ተማሪ አማካሪዋን "ጥፋቱ የእርስዎ ነው" ትላለች እንዴ? ደብሪቱ ፈራች። እግሯ ወደ ቢሮው ይሄዳል፣ ልቧ ወደ ኋላ ይላል። ደግሞ ስመኝ ትዝ ትላታለች፤ ቀኑን ንገሪኝ ያለችው። በር ላይ ስትደርስ ግን አንድ ዘዴ መጣላት። ለትልቅ ሰው በቀጥታ የማይነገር ነገር በተረት ይነገራል፤ አባቶችም ዳኛ ፊት ሲቆሙ እንዲሁ ያደርጉ ነበር።

"ዶክተር፣ አንድ ተረት ልንገርዎት?"

"ተረት? ውጤቱስ?"

"ውጤቱ ተረቱ ውስጥ ነው።"

ዶክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ። "በይ እስቲ።"

"አንድ ሰው ነበረ፤ ብዕሩን ከደነ። ብዕሩ ቢከደን መኪናው አልወጣ አለ፤ መኪናው ባይወጣ ናፍጣው አልመጣ አለ፤ ናፍጣው ባይመጣ ፓምፑ አልነሳ አለ፤ ፓምፑ ባይነሳ መሰላሉ አልለቀቅ አለ፤ መሰላሉ ባይለቀቅ ኸይሩ አልወጣ አለ፤ ኸይሩ ባይወጣ ኦቭኑ አልግል አለ፤ ኦቭኑ ባይግል አፈሩ አልደርቅ አለ፤ አፈሩ ባይደርቅ አንዲት እናት አገሯ ሳትገባ ቀረች፤ እናቲቱ ብትቀር ልጇ አክስቷን 'እማዬ' አለች።"

ዶክተሩ ከመኪናው እስከ አፈሩ ድረስ እየሳቁ ነበር የሰሙት። ልጅቷ ጋ ሲደርስ ሳቃቸውን አቆሙ።

"ይሄ ሰውዬ ምን ዓይነት ሰው ነው? ብዕሩን ከፍቶ አይፈርምም እንዴ? ምን ይዞታል?"

"መሐላ ይዞታል ዶክተር። 'ደብሪቱ ትሙት' ብሎ ምሏል።"

ዶክተር አስቻለው ወደ ብዕሩ አዩ። ደብሪቱም ወደ ብዕሩ አየች። ውጭ አንድ ሰው ባዶ ጀሪካን እየጎተተ ሲያልፍ ይሰማል።

"እኔ እኮ ላንቺ ብዬ ነው" አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። "ወረቀትሽ ከክምሩ ሥር ገብቶ እንዳይቀር ብዬ።"

"አውቃለሁ ዶክተር፤ እግዜር ይስጥልኝ። ለፊርማ እንደ እርስዎ ያሰበልኝ ሰው የለም።"

"አሁን እንዴት ላፍርሰው ታዲያ? አፍርሼው አንድ ነገር ብትሆኚስ?"

እኚህ ሰው እንግዲህ የአፈር ሊቅ ናቸው፤ ባሕር ተሻግረው ተምረዋል፤ ያልተመዘነ ነገር አያምኑም። መሐላ ግን መሐላ ነው፤ በሚዛን አይወጣም። ደብሪቱ ከወንበሯ ተነሳችና ፌስታሏን መሬት አስቀመጠች።

"በሞቴ ዶክተር" አለቻቸው። "በሞቴ ይፈርሙ።"

በአገራችን ከዚህ በላይ ልመና የለም። ጠገብኩ ብሎ እጁን የሰበሰበ እንግዳ እንኳ "በሞቴ" ሲባል አንድ ጉርሻ ይጨምራል። በሞቷ የተማለባት ራሷ በሞቷ ስትለምን፣ መሐላው ምን አፍ ኖሮት ይከራከር? ዶክተሩ ብዕራቸውን ከፈቱ። የቢራራን የመውጫ ፈቃድ ከክምሩ ሳቡ። ደብሪቱን አንዴ ቀና ብለው አዩዋት፣ ፈረሙ፣ እንደገና ቀና ብለው አዩዋት። ደብሪቱ አልሞተችም፤ እንዲያውም ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብላለች።

ብዕሩ ቢከፈት መኪናው ወጣ፤ መኪናው ቢወጣ ናፍጣው መጣ፤ ናፍጣው ቢመጣ ፓምፑ ተነሳ፤ ፓምፑ ቢነሳ ቧንቧው ተንፈቀፈቀና ውሃው ወረደ፤ ውሃው ቢወርድ መሰላሉ ተለቀቀ፣ እትዬ ጥሩወርቅም እንዳሉት ራሳቸው ተሸክመው አመጡት፤ መሰላሉ ቢመጣ ኸይሩ ወጣ፤ ኸይሩ ቢወጣ ኦቭኑ ጋለ፤ ኦቭኑ ቢግል አፈሩ አድሮ ደረቀ፤ አፈሩ ቢደርቅ ጋሽ ወንድይፍራው ከፀሐያቸው ተነስተው መዘኑት። ዶክተሩም ውጤቱን ከላይ እስከ ታች አዩና ለደብሪቱ ፈረሙላት። ይሄን ሁሉ ያስኬደች ፊርማ ስትታይ ያው የዝንብ ዱካ ናት።

ደብሪቱ ወረቀቷን ደረቷ ላይ ይዛ ወጣችና ደረጃው ላይ ተቀምጣ ደወለች። ስልኩን ያነሳችው ስመኝ ናት።

"ደብሬ፣ አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ። እስቲ ቀኑን ጠይቂኝ።"

"መቼ ነው የምትመጪው?"

"ሐሙስ።"

ልጅቷ ስልኩን ሳትዘጋ ወደ ጓዳ እየሮጠች ለያምሮት ስትነግራት ደብሪቱ ሰማች።

"እማዬ፣ እማዬ እኮ ሐሙስ ትመጣለች።"

ደብሪቱ ዛሬም አለቀሰች፤ ግን ስልኩን አልዘጋችም። የእኔም ወሬ እዚህ ላይ ቆመ፤ ብዕሩን የከደነ ካለ ይክፈት።